የሰፊና ግራ ትከሻ

ደባልቄ «ልጅህ ምን እየተማረች ነው?» ብሎ ለሚጠይቀው ሁሉ «ማስተርስ» ይልና ያቆማል። የምን ማስተርስ እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ነገረኛ ከመጣ ወሬውን ወደ ዝናቡ ያዞረዋል። ምን ያድርግ! ከወሎ በሰፈራ መጥቶ፣ አሶሳ አጠገብ ባለ የሰፋሪዎች አምባ ውስጥ በቆሎ እየኮተኮተ ያስተማራት ልጅ፣ ነጭ ጋውን ለብሳ የሰው ወገብ የምታቀና ሸዋሉል፣ እንደገና ደብተር ይዛ የአህያና የበሬ ትከሻ አስተሻሸት ልማር ስትለው ሰው ፊት እንዴት አድርጎ ይናገረው?

«ሰው አልቆ ነው አህያ የምታሺው?» አላት የነገረችው ዕለት።

«አባዬ፣ አህያም ወገብ አላት።»

«ወገብማ አላት። ለጭነት ነው እንጂ ለመታሸት አይደለም።»

ሸዋሉል ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ ስትሠራ የታዘበችው ነገር ነበራት። ወገቤን ብላ የምትመጣ ሴት ስትጠይቃት፣ አህያዋ ስላነከሰች ውኃውን በጀርባዋ ማመላለስ ጀምራ ታገኛታለች። ትከሻዬን የሚል ገበሬ በሬው እግሩን የሚጎትት ነው። ሰውየውን አሽታ፣ አቅንታ ትልከዋለች፤ ቤቱ ሲደርስ ያው ያነከሰ በሬ ይጠብቀዋል፤ ሰውየው ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ የሰው ፊዚዮቴራፒስቶች ሥራቸውን ሳይለቁ ወደ እንስሳት ሕክምና የሚሸጋገሩበት የድኅረ ምረቃ ሥልጠና መከፈቱን ስትሰማ ሳትውል ሳታድር ተመዘገበች። ትምህርቱ ቅዳሜና እሑድ በስልክ ነው፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ወደ መሃል አገር በአውቶቡስ እየሄዱ በአካል ይማራሉ። አሶሳ ላይ ኔትወርኩ ደህና የሚይዘው ከሆስፒታሉ የውኃ ታንከር ሥር ስለሆነ፣ የፈረስ አጥንት የተማረችው እዚያ ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣ ነው።

አንድ ቀን ማህጁብ በባጃጅ መጣ። ይሄ ብቻውን መጥፎ ወሬ ነው። ማህጁብ ከአሶሳ ወደ ሆሞሻ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖር የበርታ ሽማግሌ ነው። ስትሮክ መትቶት ግራ እጁና ግራ እግሩ ሲከዱት፣ ወራት ፈጅታ ያቆመችው ሸዋሉል ናት። ማንም ሳይደግፈው አህያው ላይ የወጣ ዕለት እሷም አለቀሰች፣ እሱም አለቀሰ፤ በቃ ጨረስን ተባብለው ተለያዩ። የደጋ ሰው ሽማግሌ አህያ ላይ ተቀምጦ ሲያይ ሳቁን አፍኖ ያልፋል፤ እዚህ አገር ግን በአህያ መሄድ ወግ ነው። ማህጁብም መስጊድ፣ ገበያ፣ ለቅሶ፣ ሁሉንም ከአህያው ሳይወርድ ነበር የሚያዳርሰው።

«አባባ፣ ምነው? አመመዎት?» አለችው።

«እኔ ደህና ነው። ሰፊና ነው የታመመ። አንተ እኔን አነሳህ፤ እሱንም አንሳ።»

በማህጁብ አማርኛ ሴትና ወንድ የሚባል ነገር የለም። የቤቱ ቋንቋ በርታኛ ነው፤ አማርኛ ያስተማሩት ገበያና ሆስፒታል ናቸው። ስለዚህ ሸዋሉልም «አንተ» ናት፣ እንስቷ አህያ ሰፊናም «እሱ» ናት። ሰፊና ማለት መርከብ ማለት ነው ይላል፤ ያላጓጓዘችው ነገር የለምና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰፊና ከፊት እግሯ ማነከስ ጀምራለች። የማህጁብ ልጅ ሙንታሲር ደግሞ ሆሞሻ ላይ ሱቅ አለው፤ አባቱ ብቻውን መኖሩን ድሮም አይወደውም። አሁን ሰበብ አገኘ። እስከ ዐረፋ በዓል አህያዋ ካልተሸከመችህ አንተን ሆሞሻ እወስድሃለሁ፣ እሷን ጫካ እለቃታለሁ ብሎ ቁርጡን ነግሮታል። ጫካ መልቀቅ ማለት ለጅብ መስጠት መሆኑን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ለማህጁብም ሆሞሻ ማለት ከሱቅ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ምግብ የሚቀርብለት፣ እሱ ግን ለማንም የማያስፈልግበት። ማንጎዎቹ እዚህ ናቸው። የሚስቱ የዐፊፋ መቃብር እዚህ ነው።

«ሆሞሻ ጥሩ አገር ነው» አላት። «የኔ ግን አይደለም። ሰፊና ቆመ፣ እኔ ቆምኩ። ሰፊና ሄደ፣ እኔም ሄድኩ።»

አንጀቷን በላው። «እሺ አባባ፣ አክማታለሁ» አለችው፤ በሆዷ ደግሞ ሥልጠናው የሚፈልገውን የተግባር ሥራ አገኘሁ አለች። ምን ታድርግ፣ እሷም ሰው ናት።

የሥልጠናው የመጀመሪያ ሕግ የእንስሳት ሐኪም ሳያያት አንዲት እንስሳ አትንኪ የሚል ነው። የእንስሳት ክሊኒኩ ሐኪም ሙርሳል ብዙ ቀበሌ በአንድ ሞተር ብስክሌት የሚያዳርስ ሰው ነው። መጣ፣ ሰኮናዋን አየ፣ አጥንቷን ዳሰሰ።

«ሰኮናው ንጹሕ ነው፣ አጥንቱም ደህና ነው። የፊት እግር ጡንቻ ነው፤ ያንቺ ሥራ ነው» ብሏት ሞተሩን አስነሳ።

የትኛው የፊት እግር እንደሆነ ልትጠይቀው አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጠችው። የማስተርስ ተማሪ ይሄን ትጠይቃለች? አታየውም?

አየችውም። የማህጁብ ጎረቤት ዐርዋ ገመዱን ይዛ ሰፊናን ስታራምዳት፣ ቀኝ እግሯ መሬት በነካ ቁጥር ጭንቅላቷ ዝቅ ይላል። ሸዋሉል እንዲህ ያለ አካሄድ ስታይ ነው የኖረችው። ዳሌውን የሚያመው ሰው በሚያመው እግሩ ሲቆም ሰውነቱን ወደዚያው ጎን ይጥላል። እንግዲያው ቀኝ ነው አለች። ለማወዳደር ብላ የግራ ትከሻዋን ስትዳስስ ደግሞ ደርቆ ጣውላ ሆኗል። «ምስኪን፣ የቀኙን ሸክም ደርቦ ተሸክሞ ነው» አለች፤ በሰው ላይ ይሄም ያጋጥማልና።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት እየሄደች የሰፊናን ቀኝ ትከሻ በሙቅ ፎጣ ታሞቃለች፣ ታሻለች፣ እግሯን አንስታ ቀስ እያለች ትስባለች። ሰፊና ዓይኗን ጨፈን አድርጋ፣ ከንፈሯን ጥላ ትታሻለች። ማን ይጠላል? ማንከሱ ግን ወይ ፍንክች። ሳምንት በሳምንት ላይ ሄደ፤ አህያዋ ወዟ መጣ፣ ማንከሷ እዚያው ነው።

ሙንታሲር ደወለላት። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ረጋ ብሎ ነው የተናገረው።

«እህቴ፣ ልፋትሽን አከብራለሁ። ግን አባቴን በተስፋ አታታልይብኝ። ዕለት ዕለት ደውሎ ዛሬ ተሽሎታል ይለኛል። ሰው ስጠይቅ ያው ነው።»

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ያ «አታታልይብኝ» የሚለው ቃል አብሯት ዋለ።

በዚህ መሃል በአካል የሚማሩበት ቀን ደረሰና አውቶቡስ ተሳፈረች። የምታስተምራቸው ዶክተር ሰሎሜ ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ቀልድ የምትወድ፣ ስታርም ግን የማትራራ የእንስሳት ሐኪም። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ እንደ ሸዋሉል ሰው ሲያክሙ የኖሩ ናቸው። ዶክተሯ አንድ የጋሪ ፈረስ ሲራመድ የሚያሳይ ቪዲዮ ግድግዳው ላይ ለቀቀች። ፈረሱ ቀኝ የፊት እግሩ ሲያርፍ ጭንቅላቱ ዝቅ ይላል።

«የታመመው የትኛው ነው?» አለች።

«ቀኝ» አለ ክፍሉ፣ በአንድ አፍ። ሸዋሉል ከሁሉም ቀድማ ነበር ያለችው።

ሰሎሜ ሳቀች። «አቤት፣ የሰው ሐኪም! በየዓመቱ የሚመጣው ተማሪ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚለኝ። ስሙኝ፤ የሰው ልማዳችሁን እዚህ በር ላይ አራግፉት። ፈረስም አህያም የፊት እግራቸውን ሲያማቸው፣ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ጭንቅላታቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ፤ ክብደታቸው እንዳያርፍበት እየሸሹ ነው። ጭንቅላት የሚወርደው ደህናው እግር ላይ ሲያርፉ ነው። የዚህ ፈረስ ሕመም ግራው ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የሸዋሉል ልብ ግን ስንጥቅ አለ። ያ ደርቆ ያገኘችው ግራ ትከሻ፣ ያ «ምስኪን» ብላ ያለፈችው፣ እሱ ነው። እሷ ያን ሁሉ ጠዋት ደህናውን እግር ነው ስትሞሽር የከረመችው! መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች።

ሲወጡ ሰሎሜን ለብቻዋ ይዛ ነገረቻት።

«ጤነኛ ትከሻ ታሽቶ የሞተ የለም» አለቻት ሰሎሜ። «ያባከንሽው ጊዜ ነው። ዐረፋ መቼ ነው ያልሽኝ?»

«እየተቃረበ ነው።»

«እንግዲያው ፈጥነሽ ሂጂ። ግን ግራውንም ማሸት ብቻ እንዳይመስልሽ። ትከሻው ለምን ታመመ? እሱን ሳታገኚ ብታክሚው ተመልሶ ይታመማል።»

አውቶቡሱ ውስጥ ሙሉ መንገዱን ለማህጁብ የምትለውን ስትደረድርና ስታፈርስ መጣች። ዝም ብላ ግራውን መጀመርም ትችል ነበር። ማን ያውቅባታል? አህያዋ አትናገር! ግን አንድ ጊዜ በኩራት ጥያቄ ውጣ የደረሰባትን አይታለች፤ ሁለተኛ መዋጥ አልፈለገችም።

ማህጁብን ማንጎው ሥር ከቀርከሃ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«አባባ፣ ተሳስቻለሁ» አለችው። «እስከ ዛሬ ያሸሁት ደህናውን እግር ነው። የታመመው ግራው ነው።»

«ደህናውን?» አላት።

«አዎ።»

«እሱ ዝም አለ? አልተናገረ?»

«ደስ ብሏት ነበር።»

ማህጁብ ሳቀ። ሲስቅ ግራ ጉንጩ አሁንም ሳይነሳ ይቀራል። «ወላሂ፣ ይሄ አህያ ሌባ ነው» አለ፤ ዓይኑን እስኪጠርግ ሳቀ። ሸዋሉል እንዲቆጣት ተዘጋጅታ ስለመጣች ሳቁ ከቁጣ ይልቅ አስለቀሳት።

ከዚያ እጇን በሰፊና ግራ ትከሻ ላይ አሳርፋ ጫን አደረገች። ቆዳዋ ተንቀጠቀጠ፣ ጆሮዋ ወደ ኋላ ሄደ። እዚህ ነው። ግን ለምን? ዐርዋን የአህያዋን መደላድል እንድታመጣላት ጠየቀቻት። መደላድሉ ገለባ የተጠቀጠቀበት የጆንያ ትራስ ነው፤ ሰው ሲቀመጥ የአህያዋን ጀርባ እንዳይወጋት ከሥሩ የሚደረግ። ቀኙ እንደተነፋ ነው፤ ግራው ተጨፍልቆ ቂጣ ሆኗል። ቀና ብላ ማህጁብን አየችው። አግዳሚው ላይ ወደ ግራ አዘንብሏል፤ ግራ ትከሻው ወርዶ፣ ወገቡ ወደዚያው ጎን ተጥሎ። አሁን ገና አየችው። አህያ ላይ ሲወጣ አልቅሳ ጨረስን ያለችው እኮ እሷ ናት፤ ከወጣ በኋላ እንዴት እንደሚቀመጥ ያየ የለም።

ይሄን መናገር ከመጀመሪያው ይከብዳል። ተናገረችው።

«አባባ፣ ሲቀመጡ ወደ ግራ ያዘነብላሉ። ስትሮኩ የተወው ነው። የሰፊና ትከሻ ላይ ያረፈው እሱ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳንጨርስ ነው ጨረስን ያልኩዎት።»

ማህጁብ መደላድሉን ተቀብሎ በደህናው እጁ የተጨፈለቀውን ጎን ዳሰሰ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «እኔ ነው» አለ። «ስንት ዘመን ተሸከመኝ። እኔ ነው ያሳመምኩት።» አዝኖ ነበር፤ ሰው ለሰው እንደሚያዝነው።

በማግስቱ ሸዋሉል ቀርከሃ አስቆርጣ ግቢው ውስጥ አራርቃ መሬት ላይ አጋደመች። አህያዋ አንድ በአንድ ቀስ እያለች እግሯን አንስታ ትሻገራቸዋለች፤ ትከሻዋ የሚጠነክረው እንዲያ ነው። የማህጁብ ግቢ ከቀርከሃ ሌላ ምን ሞልቶታል? ችግሩ ሰፊና ናት። ሸዋሉል ብትጎትታት አራት እግሯን ተክላ ቆመች። ዐርዋ ከኋላ ብትገፋት ጭራሽ ተኛች።

ማህጁብ ይሄን ሁሉ ተቀምጦ ሲያይ ቆይቶ፣ ከዘራውን ይዞ ተነሳ። ከፊቷ ቆሞ በበርታኛ አንድ ነገር አላትና መንገድ ጀመረ። ሰፊና ተነስታ ተከተለችው። የመጀመሪያው ቀርከሃ ጋ ሲደርስ ግን ግራ እግሩ የሚጎተት እንጂ የሚነሳ አይደለምና ቆመ።

«እኔም ልሻገር?»

«እርስዎ ካልቀደሙ አትሄድም።»

ትክ ብሎ አያት። «አንተ ተንኮለኛ ነው።»

ሸዋሉል ተንኮል አላሰበችም ነበር፤ እዚያው ግን ገባት። «ሁለታችሁም የግራ ናችሁ፤ አብራችሁ ሥሩ» አለችው። ማህጁብ «ቢስሚላህ» አለና እግሩን አነሳ።

እንዲህ እያሉ ቀጠሉ። እሷ የሰፊናን ግራ ትከሻ ታሻለች፣ ከዚያ ማህጁብን «ቀና! ወደ ቀኝ! ደረት!» እያለች ታዛለች፤ የሆስፒታሉ ሥራ በሚበዛባት ቀን ዐርዋ እሷን ተክታ ትጮህበታለች፤ ዐርዋ ደግሞ መጮህ ታውቅበታለች። ያ ቂጣ የሆነ መደላድል በአዲስ ገለባ ተሞላ። ማንከሱም ቀነሰ። የማህጁብ ትከሻም ቀስ በቀስ ከወደቀበት ይነሳ ጀመር።

ዐረፋ ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት ቀርከሃው ጠለፈውና ማህጁብ ወደቀ። ሰፊና አልሸሸችም፤ አንገቷን ይዞ እስኪነሳ ከአጠገቡ ቆመች። ቁስሉ ጭረት ነበር፤ ወሬው ግን ሆሞሻ ደረሰ። ሙንታሲር በዚያው ቀን ለሸዋሉል ደወለ፤ አሁን ረጋ ያለ ድምፅ የለውም። «የዐረፋ ዕለት በጠዋት በመኪና እመጣለሁ። ዕቃውን አሰናዱለት» ብሎ ዘጋ።

ሸዋሉል ቅስሟ ተሰበረ። ሽማግሌውን ለባሰ ጉዳት ዳርጌው ቢሆንስ? በማግስቱ ግቢው ስትደርስ እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ እንደምታገኘው እርግጠኛ ነበረች። ከአጥሩ ውጭ ሆና የሰማችው ግን የከዘራ ኳኳታ ነው። ማህጁብ ማንም ሳይመጣ ሰፊናን አስከትሎ ቀርከሃው መሃል ገብቷል።

«አረፈድክ» አላት፤ ዞር ብሎም አላያት።

በዚያው ሳምንት ደባልቄ ከአምባ መጣ። ሻይ ጠጣ፣ ስለ ዝናቡ አወራ፣ ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገ። የጎረቤት በሬ የኋላ እግሩን ይጎትታል አላት። «እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ልጅህን ጠይቅልን ስላሉኝ ነው። የበሬውስ ከአህያው ይለያል?»

«ሙርሳል ይየው፤ ከዚያ እኔ አየዋለሁ» አለችው፤ ሳቋን አፍና።

የዐረፋ ጠዋት ሰማዩ ደመና ነበር። ሰው ነጭ በነጭ ለብሶ ወደ ሶላቱ ሜዳ ይጎርፋል። ሸዋሉል መንገድ ዳር ከዐርዋ ጋር ቆማ ስትጠብቅ የሙንታሲር ፒክአፕ መጣና አጠገባቸው ቆመ። ወዲያውም ማህጁብ ከግቢው ወጣ። አዲስ ጀለቢያውን ለብሷል፣ ከዘራውን ይዟል። ሰፊና ከኋላው ናት፤ መደላድሏ ጀርባዋ ላይ አለ፣ ገመዷ አንገቷ ላይ ተጥሏል፣ የሚጎትታት የለም። ሸዋሉል ዓይኗን የሰፊና ጭንቅላት ላይ ተከለች። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። ጭንቅላቷ አልተነሳም፣ አልወረደም።

ሙንታሲር ከመኪናው ወረደ። ከአባቱ ጋር የተነጋገሩት በበርታኛ ነው፤ ሸዋሉል እዚሁ ያደገች ናትና ባትናገረውም ትሰማዋለች።

«ያባ፣ ለምን አልተቀመጥክባትም? አልዳነችም?»

«ድናለች። ትናንት ሐኪሙም አይቷት ተቀመጥባት ብሎኛል።»

«ታዲያ?»

«ለእሷም በዓል ነው። ስትሸከመኝ ኖራ የለ? ዛሬ በእግሬ ልሂድ አልኩ።»

ሙንታሲር አባቱን ከላይ እስከ ታች አየው። ትከሻውን አየ፤ እግሩን አየ። ዓይኑ ሞልቶ ነበር። ቆይቶ የመኪናውን በር ከፈተ።

«ና ግባ፤ ሜዳው ሩቅ ነው፣ ላድርስህ።»

«አንተ ቅደም» አለው ማህጁብ። «ከፊት ረድፍ ቦታ ያዝልኝ።»

ሙንታሲር ሄደ። ሜዳው ደርሶ ከፊት ረድፍ ሁለት ሰው የሚያሰግድ ምንጣፍ አነጠፈ፤ እዚህ ሰው አለ፣ አባቴ ይመጣል እያለ የመጣውን ሁሉ መለሰ። ሶላቱ ከመጀመሩ በፊት ማህጁብ ደረሰ። ሰፊናን ከሜዳው ዳር ዛፍ ሥር ትቷት፣ በረድፉ መሃል ቀስ ብሎ አልፎ ከልጁ ጎን ቆመ። ስለ ሆሞሻ በዚያም ቀን፣ ከዚያም ወዲያ ያነሳ የለም።